ዕዳው ከሀብቱ የበለጠበት ነጋዴ ይናገርን ወይስ ይሰውር?

 

ወንድሜ ነጋዴ ሆይ፣ ይህች ጽሑፍ የተጻፈችው በተለይ ለዚያ ሰው ነው፤ በጧት ሱቁን ሲከፍት ገዢ ሳይሆን ባለገንዘብ ይመጣብኛል ብሎ ለሚሠጋው። ዕዳው የቀለለለት ሰውም ጉዳዩ የሌላ መስሎት አይለፋት፤ ዛሬ አበዳሪ የነበረ ነገ ተበዳሪ መሆኑ በገበያ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለምና።

ጥያቄው እንዲህ ነው፤ ዕዳው ከሀብቱ የበለጠበት ሰው፣ ያለውን ሁሉ ሸጦ እንኳ ሊከፍል እንደማይችል በልቡ ያወቀ ሰው፣ ባለገንዘቦቹን በአንድነት ጠርቶ «ከስሬአለሁ» ሊላቸው ይገባዋልን? ወይስ ነገሩን ሸፍኖ፣ ከአንዱ እየተበደረ ለሌላው እየከፈለ፣ አላህ በር እስኪከፍትለት ድረስ ቢጠብቅ ይሻለዋል? ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። የሚመርጠውም ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ኀፍረት ስለያዘውና ተስፋ ስላልቈረጠ ነው። ኀፍረትም ተስፋም በሃይማኖታችን የተመሰገኑ ናቸው። ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ሰውየው በገዛ መልካም ባሕርዩ እየተሳበ ሳያውቀው ወደ በደል ይገባልና።

ዐረቦች የከሰረውን ሰው «ሙፍሊስ» ይሉታል። ቃሉ «ፈልስ» ከሚባለው ከመዳብ ገንዘብ የወጣ ነው፤ ትናንት ወርቅና ብር ይቈጥር የነበረው ሰው ዛሬ በእጁ የቀረው መዳብ ብቻ ሆነ ለማለት ነው። በእኛ ቋንቋ «ፈለሰ» ማለት አገሩን ለቅቆ ሄደ ማለት ነው። የሁለቱ ቃላት ድምፅ የገጠመው በአጋጣሚ ቢሆንም፣ የከሰረ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ሲጠፋ ስንት ጊዜ አይተናል!

በሕግ ሊቃውንት ዘንድ ግን ሙፍሊስ ማለት ድኻ ማለት አይደለም። ጊዜው የደረሰ ዕዳው ካለው ሀብት ሁሉ የበለጠበት ሰው ማለት ነው። እንግዲህ ሱቁ በዕቃ የተሞላ፣ በሰው ዘንድ «ሐጂ» እየተባለ የሚከበር፣ ነገር ግን ሙፍሊስ የሆነ ሰው ይኖራል። ዕዳው የከበደበት፣ ግን ሙፍሊስ ያልሆነ ሰውም ይኖራል። ታላቁ ሰሓባ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ሲሞቱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ዕዳ ነበረባቸው፤ ነገር ግን መሬታቸው ከዕዳው ይበልጥ ነበርና ሙፍሊስ አልተባሉም። መሬቱ ተሸጠ፤ ዕዳው ተከፈለ። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ «ከሰርሁ» ብለህ ከመናገርህ በፊት መዝገብህን ዘርግተህ ቍጠር። ሀብትህ ዕዳህን የሚችል ከሆነ የአንተ ግዴታ መሸጥ እንጂ መክሰርን ማወጅ አይደለም። መክፈል የሚችል ሰው ባለገንዘቡን ዛሬ ነገ እያለ ቢያመላልሰው በደል መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል።

አሁን ነገሩን በአገራችን ምሳሌ እንመልከተው። በሀደሮና በአካባቢው ያለ ሰው ዝንጅብልን ያውቃል። በሱረቱል ኢንሳን የጀነት ሰዎች ከሚጠጡት ጽዋ ውስጥ ዝንጅብል መኖሩ ተነግሯል፤ ለከምባታና ለወላይታ ገበሬ ግን ዝንጅብል ከሁሉ በፊት ጥሬ ገንዘብ ነው። ልጁን ያስተምርበታል፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለብስበታል። በ2004 ዓ.ም. በደቡብ አገራችን የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በወረርሽኝ ተነሣ። በሽታውን የሚያመጣው ሊቃውንቱ ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም ብለው የሚጠሩት በዐይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ቢጫ ይሆናል፤ ሥሩም በምድር ውስጥ ሳለ ይበሰብሳል። ከዚህም የከፋው ነገር፣ በሽታው በአፈር ውስጥ መቈየቱና ለዘር በተቀመጠው ዝንጅብል ላይ ተጭኖ ወደ ሌላው ማሳ መሄዱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰብል የጠፋበት ሰው ተበድሮ ዘር ገዝቶ በዚያው መሬት ላይ ደግሞ ቢተክል፣ ብድሩንም በሽታውንም አብሮ ተከለ ማለት ነው።

ከገበሬው ጋር ነጋዴውም ይወድቃል። እንግዲህ በሀደሮ የሚነግድ አንድ ሰው በአሳብህ ሣል፤ ስም አንሰጠውም። ይህ ሰው ዝንጅብል አቀርብልሃለሁ ብሎ በመርካቶ ካለ ጅምላ ገዢ 150 ሺህ ብር ተቀብሏል፤ ገንዘቡንም ለገበሬዎች አስቀድሞ አከፋፍሏል። የዕቁብ ዕጣ ወጥቶለት በዋስ ወስዷል፤ ገና የሚጥለው 90 ሺህ ብር ይቀረዋል። ከሆሳዕና ጅምላ ነጋዴ ደግሞ 60 ሺህ ብር የሚያወጣ የሱቅ ዕቃ በዱቤ አምጥቷል። ዕዳው በጠቅላላው 300 ሺህ ብር ነው። ዝንጅብሉ በማሳው ውስጥ በሰበሰ። ሰውየው ያለውን ሁሉ ቢሸጥ የሚያገኘው 132 ሺህ ብር ነው፤ ከዚህም ውስጥ 20 ሺህ ብር የሚያወጣው የሆሳዕናው ሰው ዕቃ ሳይነካ በመደርደሪያው ላይ ያለ ነው።

ይህ ሰው ሌሊት አይተኛም። ሰይጣንም ሦስት ዓይነት ምክር ይዞለት ይመጣል። «ዕቁብተኞቹ ጎረቤቶችህ ናቸው፤ በየሳምንቱ ፊት ለፊት ታያቸዋለህ፤ ዋሶችህም የሚስትህ ወንድሞች ናቸው፤ ስለዚህ ለእነርሱ ሙሉውን ክፈል፤ የመርካቶው ሰው ሩቅ ነው፤ ይቈይ» ይለዋል። ደግሞ «ባለ አራጣው ዘንድ ሂድ፤ አንድ ዓመት ብቻ ነው» ይለዋል። ደግሞም «ሱቁን በሚስትህ ወንድም ስም አዙር፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለኝም በል» ይለዋል። ከሦስቱ የመጨረሻው ሌብነት መሆኑን ልብ ያለው ሁሉ ያውቃል፤ ብዙ አንነጋገርበትም። ሁለተኛው አላህ ጦርነት ያወጀበት ወለድ ነው፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አራጣ ማበደርን ወንጀል አድርጎታል። ባለ አራጣው ደግሞ ስንቅ የሌለው ቼክ አስፈርሞ ይይዛልና፣ ዕዳ ብቻ የነበረበት ሰው ወንጀለኛ ሆኖ ወኅኒ ይወርዳል። ቅን ሰው የሚሳሳተው ግን በመጀመሪያው ምክር ነው፤ መልካም ሥራ ይመስላልና።

እስቲ ቍጠር። ሰውየው ዛሬውኑ ሦስቱን ባለገንዘቦች ጠርቶ ቢናገር፣ ነገሩ በሸሪዓ እንዲህ ይሆናል። የሆሳዕናው ሰው ዕቃው ዋጋው ሳይከፈል፣ መልኩም ሳይለወጥ በከሰረው ሰው እጅ ስለተገኘ ከሌሎቹ ይልቅ ለዕቃው ባለመብት ነው፤ ይህ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) በተላለፈው ሐዲስ የጸና ነው። (ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን ሻጩ ከሌሎቹ ባለገንዘቦች ጋር እኩል ነው ብለዋል፤ እዚህ የተከተልነው የኢማም ሻፍዒንና የብዙዎቹን ቃል ነው።) ስለዚህ የ20 ሺህ ብሩን ዕቃ ይወስዳል፤ 40 ሺህ ይቀረዋል። ከዚያ በኋላ 112 ሺህ ብር ለ280 ሺህ ብር ዕዳ ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱ ብር 40 ሳንቲም ይደርሰዋል ማለት ነው። ለመርካቶው ሰው 60 ሺህ፣ ለዕቁብተኞቹ 36 ሺህ፣ ለሆሳዕናው ሰው 16 ሺህ። ሁሉም ተጐዱ፤ ነገር ግን ጕዳቱን በልክ ተካፈሉት።

ለዕቁብተኞቹ አስቀድሞ 90 ሺህውን ሙሉ ከከፈለስ? የሚቀረው 22 ሺህ ብር ነው፤ እርሱም ለ190 ሺህ ብር ዕዳ። ለእያንዳንዱ ብር 12 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ጎረቤቶቹ «አማናውን የጠበቀ ሰው» ብለው ያመሰግኑታል። ያመሰገኑት ግን በመርካቶው ሰው ገንዘብ ነው።

«ዳኛ ሳያግደው በፊት ለወደደው ቢከፍል ክፍያው አይጸናምን?» ቢባል፣ እንላለን፤ ብዙዎቹ የፊቅህ ሊቃውንት ይጸናል ብለዋል። ነገር ግን ወንድሜ ሆይ፣ በቃዲ ፊት መጽናት ሌላ፣ በአላህ ፊት መጥራት ሌላ ነው። አንተ ዳኛው የማያውቀውን ታውቃለህ፤ ገንዘቡ ለሁሉ እንደማይበቃ ታውቃለህ። የምትመርጠውም በሐቅ ሳይሆን በሚጮኸው ሰው ድምፅ ነው፤ በቅርብ ያለው ይጮኻል፣ ሩቅ ያለው አይሰማም። ሐቃቸው ግን በአላህ ዘንድ አንድ ነው።

ስለ ተስፋም እንነጋገር። «በሚመጣው ዓመት ይሻላል፤ በአላህ ላይ ተስፋ መቍረጥ ኀጢአት አይደለምን?» ይላል ሰውየው። እውነት ነው፣ ኀጢአት ነው። ደግሞም የሰውን ገንዘብ ሊመልስ አስቦ የወሰደ ሰው አላህ እንደሚያግዘው፣ ሊያጠፋ አስቦ የወሰደ ግን እርሱ ራሱ እንደሚጠፋ በቡኻሪ ተዘግቧል። ይሁን እንጂ ኒያ ማለት ምኞት ማለት አይደለም። የሚከፍልበትን መንገድ ያላየ፣ «ምናልባት» ከሚል ቃል በቀር በእጁ ምንም የሌለው ሰው፣ ልመልስ አስቤአለሁ ማለቱ ልቡን ማታለሉ ነው። በአላህ ላይ ተስፋ አድርግ፤ በራስህ ሀብት ላይም አደጋ ጣል፤ በሌላ ሰው ገንዘብ ላይ ግን ባለቤቱ ሳያውቅ ዕድልህን ልትሞክር አልተፈቀደልህም። አንድ መመርመሪያ ልስጥህ። አዲስ ብድር ልትጠይቀው የምትሄደው ሰው መዝገብህን ገልጦ ቢያነብ ኖሮ ያበድርህ ነበርን? አዎን ካልህ ሂድ። አይደለም ካልህ፣ የምትጠይቀው ብድር ሳይሆን ሰውየው ካለማወቁ የተነሣ የምታገኘውን ገንዘብ ነው። ያን ጊዜ የመናገሪያው ቀን ደርሷል፤ እንዲያውም ጥቂት አልፎበታል።

ወደ ኀፍረቱ እንመለስ፤ ሰውን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረው እርሱ ነውና። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን አንድ ሰው ፍሬ ገዝቶ ፍሬው ተጐዳበት፤ ዕዳውም በዛ። ይህ ሐዲስ በሙስሊም መጽሐፍ ከአቡ ሰዒድ አልኹድሪ (ረ.ዐ.) የተላለፈ ነው። የሀደሮ ሰው ሲሰማው የራሱን ታሪክ የሰማ ይመስለዋል! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ ያደረጉት ሰዎች ሰደቃ እንዲሰጡት ማዘዝ ነው። ሰጡት፤ ገንዘቡ ግን ዕዳውን አልሞላም። ከዚያ በኋላ ባለገንዘቦቹን ጠርተው ያለውን እንዲወስዱ፣ ከዚያም በላይ ምንም እንደሌላቸው ነገሯቸው። ሰውየውን አልሰደቡትም፤ አላሰሩትም።

የሙዓዝ ኢብን ጀበልን (ረ.ዐ.) ነገር ደግሞ አስብ። እጁ የተዘረጋ ቸር ሰው ነበር፤ እየተበደረ ይሰጥ ነበርና ሀብቱ ሁሉ በዕዳ ተዋጠ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሀብቱን ሸጠው ለባለገንዘቦቹ አከፋፈሉ። ይህ ሰው በመዲና ገበያ በሰው ሁሉ ፊት ከሰረ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ የመን የተላከው፣ የሕዝቡ መምህርና ዳኛ የሆነው እርሱ ራሱ ነው። መክሰሩን የተናገረ ሰው ስሙ ሞተ የሚል ካለ፣ ለየመን ሕዝብ ሃይማኖታቸውን ያስተማራቸው ማን እንደሆነ ይጠይቅ።

በኸሊፋው በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን ደግሞ ከጁሀይና ነገድ ኡሰይፊዕ የሚባል ሰው ነበር። ከሐጃጆች ሁሉ ቀድሞ በመድረስ መመስገንን ይወድ ነበርና ግመሎችን በውድ ዋጋ በዱቤ ይገዛ ነበር፤ በመጨረሻም ከሰረ። ዑመር በሰዎች ፊት ቆመው ገሠጹት፤ ይህ ሰው ከሃይማኖቱና ከአማናው «ሐጃጆችን ቀደመ» መባልን መረጠ ብለው ተናገሩ፤ ዕዳ መጀመሪያው ጭንቀት መጨረሻውም ጠብ መሆኑን አስጠነቀቁ። ከዚያም በእርሱ ላይ ገንዘብ ያለው ሁሉ በማግሥቱ ጧት እንዲመጣ ጠርተው ሀብቱን አከፋፈሉ።

እነሆ፣ አንዱ በአደጋ ከሰረ፣ አንዱ በቸርነት፣ አንዱ በከንቱ ውዳሴ። ለአንዱ ሰደቃ ተለመነለት፣ አንዱ ተሾመ፣ አንዱ ተገሠጸ። በገንዘቡ ላይ የተደረገው ግን በሦስቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ባለገንዘቦቹ በግልጥ ተጠሩ፣ ያለው ሁሉ ወጣ፣ ተከፋፈለ። ከዚህ የምንረዳው መክሰርን መግለጥ ቅጣት አለመሆኑን ነው። የሚቀጣ ነገር ካለ ከእርሱ በፊት የተሠራው ነው። መግለጡ ራሱ የሰውን ሐቅ ለባለቤቱ ማድረስ ነው፤ አማናን የማድረስ ያህል ነው።

በእኛ አገር በቀድሞ ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት ይቈራኙ ነበር፤ «ቍራኛ» የምንለውም ቃል ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ባለገንዘቡ በፈቃዱ እስረኛ ሆኖ ከባለዕዳው ጋር ይበላል፣ ይተኛል፤ ዕዳው ግን በዚህ አይቀንስም። በሱረቱል በቀራ በ280ኛው አንቀጽ አላህ ያዘዘው ከዚህ የተለየ ነው፤ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪደላው ድረስ ይጠበቅ፣ ዕዳውን መተው ግን ይበልጥ መልካም ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ ነጻ ሰው በዕዳ ምክንያት በገንዘቡ ላይ እንዳያዝ መታገዱን አልወደዱም፤ የሰውን ክብር ይቀንሳል ብለዋል። ሁለቱ ደቀ መዛሙርቶቻቸውና ሌሎቹ ኢማሞች ግን ባለገንዘቦቹ ከጠየቁ ይታገዳል ብለዋል። የኢማሙ አሳብ የተከበረ ነው፤ እኔ ግን የብዙዎቹ ቃል ለባለዕዳው ራሱ የሚራራ ይመስለኛል፤ በየበሩ ከሚጮኹ አሥር ሰዎች አንድ የክፍፍል ቀን ይሻላልና።

የመንግሥትን ሕግም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አምስተኛውን መጽሐፍ ለመክሰር ሰጥቶ ነበር። ያ ሕግ ከስልሳ ዓመት በላይ ሠርቶ በ2013 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 1243 ተተክቷል። አዲሱ ሕግ ነጋዴው ፈጽሞ ከመውደቁ በፊት ከባለገንዘቦቹ ጋር ዕዳውን እንደ ገና የሚያደራጅበትን ሥርዓት ጨምሯል። መክሰር ሊታወቅ ሲቃረብ ለአንዱ ባለገንዘብ የተደረገ አድልዎ ያለበት ክፍያም በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል፤ ከላይ ስለ ዕቁቡ ያልነውን አስታውስ። ሕጉ ግን የተሠራው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው፤ ለቤቱ ፍጆታ የተበደረ ደመወዝተኛ በዚህ በር አይገባም። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 188 የተሰጣቸው ሥልጣን ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ወቅፍና ይህን ስለመሰለው ነገር ነው፤ የንግድ ዕዳ በእነርሱ ዘንድ አይታይም። ስለዚህ በትንንሽ ከተሞቻችን ነገሩ ብዙውን ጊዜ በሽማግሌዎች ያልቃል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ባለገንዘቦቹ ሁሉ የተጠሩበት ሽምግልና ይሁን። ሩቅ ያለው ሳይጠራ ቅርብ ያሉት የተስማሙበት ዕርቅ በሌለ ሰው ገንዘብ ላይ የተደረገ ስምምነት ነው።

ወደ ሽማግሌዎቹ ከመሄድህ በፊት ዕዳህን አጥራ። የወሰድኸው ሌላ፣ ወለድ ሆኖ የተጫነብህ ሌላ ነው፤ በሸሪዓ ለአበዳሪው የሚገባው ዋናው ገንዘብ ነው። ከአንተና ከገበሬው መካከል ያለውንም መርምር። ፍሬውን ሸጦ ፍሬው በአደጋ የጠፋበት ሰው ከገዢው ዋጋ መውሰድ እንደማይገባው ከጃቢር (ረ.ዐ.) የተላለፈ ሐዲስ አለ። ኢማም ማሊክ ጕዳቱ ሲሦ ከደረሰ ዋጋው ይቀነሳል ብለዋል፤ ኢማም ሻፍዒ በመጨረሻ ቃላቸው መቀነሱን እንደ መልካም ሥራ እንጂ እንደ ግዴታ አላዩትም። (በምድር ውስጥ ያለን፣ ዐይን ያላየውን ሥር ገና ሳይነቀል መሸጥን ሻፍዒዮች መከልከላቸውም በዝንጅብል ገበያ ሊታወስ የሚገባው ነው። ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሣው ከዚህ ነው።) ገንዘብ አስቀድመህ በሰለም ውል ለገበሬው የሰጠኸው ከሆነ ግን ሰብሉ ቢጠፋ ገንዘብህን መልሶ የመቀበል ወይም እስከሚመጣው ሰብል የመጠበቅ ምርጫ አለህ። ከአንተ በላይ የወደቀው ገበሬ መሆኑን ግን አትርሳ፤ ለራስህ የምትለምነውን ምሕረት ለእርሱ አትከልክል።

እኅቴ ሆይ፣ ለአንቺም ቃል አለን። ባልሽ ከደበቀው ነገር ሁሉ በመጨረሻ የሚደብቀው ይህን ነው፤ ብዙ ሚስቶች የባላቸውን መክሰር የሰሙት ከጎረቤት ነው። በሸሪዓ የገዛ ወርቅሽ፣ መህርሽና ከአባትሽ የወረስሽው የአንቺ ነው እንጂ የእርሱ ዕዳ መክፈያ አይደለም፤ ፈቅደሽ ብትሰጪ ሰደቃ ነው፣ ባትሰጪም ወቀሳ የለብሽም። ሱቁ በድንገት በስምሽ ይዛወር ቢልሽ ግን እንቢ በዪ። ያን ጊዜ የምትጠብቂው ቤትሽን ሳይሆን የሌላ ሰው ልጆች እንጀራ የተደበቀበትን ጎተራ ነው።

ባለገንዘብ የሆንህ ወንድሜ፣ አንተም ድርሻ አለህ። የከዕብ ኢብን ማሊክንና የተበዳሪውን ጭቅጭቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመስጊድ ሰምተው ከዕብ ግማሹን እንዲተው በእጃቸው አመለከቱት፤ ተወው፤ ተበዳሪውም ተነሥቶ ቀሪውን እንዲከፍል ታዘዘ። መዝገቡን በፈቃዱ ይዞልህ የመጣን ሰው በገበያ መካከል ብታዋርደው፣ ከእርሱ በኋላ ያሉት ሁሉ መሰወርን ይማራሉ። ነገሩን በሀደሮ ወይም በሆሳዕና ገበያ ያሉ መቶ ሰዎች ይመለከታሉና።

ስለ ዘካ ደግሞ የሚጠየቅ አንድ ነገር አለ። «በእርሱ ላይ ያለኝን ዕዳ ትቼ ከዘካዬ ልቍጠረው?» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ብዙዎቹ ሊቃውንት አይሆንም ብለዋል፤ ዘካ ለባለመብቱ በእጁ የሚሰጥ ነው እንጂ የተበላሸ ዕዳን ከመዝገብ መሠረዣ አይደለም። ነገር ግን በሱረቱ ተውባ በ60ኛው አንቀጽ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለዕዳዎች ተጠቅሰዋል። ሌሎች ነጋዴዎች ዘካቸውን ሰብስበው ዕዳውን ቢከፍሉለት የተፈቀደ ነው። ሰው ግን ያልተነገረውን ዕዳ እንዴት ይከፍላል? ራሱን የሰወረ ሰው አላህ በስሙ ያዘዘለትን ገንዘብም አብሮ ሰወረ።

«ተናግሬ፣ ሀብቴ ተከፋፍሎ፣ 40 ሳንቲሙ ከተሰጠ በኋላ የቀረው 60 ሳንቲምስ?» ቢባል፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባለገንዘቦቹ በቃላቸው ካልተዉት በቀር ዕዳው ከዚማህ አልወረደም። ለፍሬ ገዢው ባለገንዘቦች ከዚያ በላይ የላችሁም የተባለው ለጊዜው ሊወስዱት የሚችሉት የለም ማለት ነው እንጂ ሐቃቸው ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ሊቃውንቱ አስረድተዋል። የፍርድ ቤት መዝገብ ይዘጋል፤ የአንተ መዝገብ ግን አይዘጋም። ከክፍፍሉ በኋላ እንደ ገና ስትነሣ፣ በጥቂት ዕቃም ሆነ በቀን ሥራ፣ ትርፍ ባገኘህ ቍጥር ለሦስቱም እንደየልካቸው ትከፍላለህ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጥቂት ዲናር ዕዳ የነበረበትን ሰው ጀናዛ ሊሰግዱበት አልፈቀዱም ነበር፤ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን በራሱ ላይ ባደረገ ጊዜ ነው የሰገዱበት። የዕዳው መጠን ጥቂት መሆኑን አስተውል።

ስለዚህ በክፍፍሉ ቀን ማታ አንድ ንጹሕ ገጽ ገልጠህ የቀረውን ጻፍ፤ ለማን፣ ምን ያህል፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ። የዕዳን መጻፍ ያዘዘው አንቀጽ በቁርኣን ከሁሉ የረዘመ መሆኑን ታውቃለህ። ያን ገጽ ለትልቁ ልጅህ አሳየው፤ በወሲያህም ውስጥ አስገባው። ልጅህ ከራሱ ኪስ እንዲከፍል ሸሪዓ አያስገድደውም፤ ከተውኸው ሀብት ላይ ግን ዕዳው ሳይወጣ ውርስ የሚባል ነገር የለም። የዙበይር ልጅ ዐብደላህ የአባቱን ዕዳ ሁሉ ከከፈለ በኋላ ወንድሞቹና እኅቶቹ ርስቱን አካፍለን ሲሉት እንቢ አላቸው። በሐጅ ወራት፣ ሰው ከየአገሩ በሚሰበሰብበት ጊዜ እየቆመ፣ በዙበይር ላይ ገንዘብ ያለው ይምጣ እያለ አራት ዓመት ተጣራ። አራቱ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ርስቱን ያካፈላቸው።